«ጸጥ ያለ ሰፈር ነው» ብለን እናትን ከሰው እንዳንለይ፦ ወላጅን ወደ ጎንደር ከማምጣታችን በፊት

ዛሬ የምናወራው ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው ስለምንዞር ጉዳይ ነው። መካነ ብርሃን ላይ፣ ወይም ከዚያ አለፍ ብሎ ባለ የጃናሞራ ቀበሌ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ቤት አለ። እናት ወይም አባት እዚያ ብቻቸውን ቀርተዋል። እኛ ልጆቹ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ነን። ስልክ ስንደውል «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ» ይሉናል። አንድ ቀን ግን ጎረቤት ይደውልና «ኧረ እናታችሁን ተመልከቷቸው» ይላል። ያኔ «እናምጣቸው» የሚለው ወሬ ይጀመራል።

ማምጣቱ ላይ ሁሉም ይስማማል። «የት ሰፈር?» የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ ለደላላ እንተወዋለን። በእኛ ቤት የደረሰውን እንንገራችሁ።

ይህን ገጽ ከምናዘጋጀው ልጆች አንዱ እናቱን ወደ ጎንደር ያመጣቸው ጉልበታቸውን መታመም ከጀመሩ በኋላ ነው። ከከተማው ዳር፣ አዲስ በተሠራ ሰፈር ቤት ተከራየ። ግቢው የተነጠፈ፣ የብረት በሩ ትልቅ፣ ክፍሉ ንጹህ። «ጸጥ ያለ ነው፣ ለእማዬ ይመቻታል» ብሎ ደስ አለው። እኛም ሄደን አይተን «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ልጅ» አልነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እናት ቀኑን ሙሉ የብረቱ በር ሥር መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ማታ ከሥራ ሲገባ «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ሰው የለም ወይ?» አሉት። «አለ እንጂ እማዬ፣ ሥራ ሄዶ ነው» አለ። «ታዲያ ቀን ላይ ብወድቅ ማን ይሰማኛል?» አሉት። መልስ አልነበረውም። በሁለተኛው ወር «ቡና ለአንድ ሰው አይፈላም» ብለው ቡናውን ተዉት። ከዚያ ምግቡንም መቀነስ ጀመሩ። ሐኪም ቤት ተወስደው ተመረመሩ፤ ከጉልበታቸው በቀር ምንም አልተገኘባቸውም። ሕመሙ ሌላ ነበር።

በአራተኛው ወር ቤት ቀየረ። አዲሱ ቤት ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ ሁለት ጠባብ ክፍል፣ አራት ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ፣ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ የሚያንጫርርበት መንገድ። በገቡ በማግስቱ የግቢዋ ሴትዮ መጥታ «እማማ፣ ቡና ደርሷል፤ ይምጡ እንጂ» አለቻቸው። በቃ። መድኃኒቱ እሱ ነበር።

ከዚህ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ለእኛ ጸጥታ ማለት የመኪና ድምፅ አለመስማት ነው። ለእነሱ ግን ጸጥታ ማለት ስማቸውን የሚጠራ ሰው አጠገባቸው መኖሩ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለው ለዚህ ነው። ዓለምም ይህን እያመነ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 በ33 ከተሞች ያሉ አረጋውያንን አነጋግሮ ለዕድሜ ባለጸጎች የሚመች ከተማ ምን ምን እንደሚያስፈልገው መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው መንገድና ቤትን ብቻ አይደለም የሚጠቅሰው፤ መከበርን፣ ከሰው ጋር መዋልንና የአካባቢ ድጋፍንም እኩል ያነሳል።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንግባ።

1. መጀመሪያ ጠይቋቸው

ይህን ስንል እንዳትስቁ። ብዙ ልጅ ቤት ተከራይቶ፣ አልጋ ገዝቶ፣ መጨረሻ ላይ ነው ለእናቱ የሚነግራት። መምጣት ይፈልጋሉ? ካልፈለጉስ ምክንያታቸው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የማይናገሩት ፍርሃት አለ። ቤቱን ማን ይጠብቀዋል? ከብቱስ? ብሞት የት ነው የምቀበረው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አትሸሹት። «እማዬ፣ ክፉ አታውሪ» ብላችሁ አትዝጉት። «አገርሽ እንወስድሻለን» ወይም «እዚህ ይሻላል» የሚለው ከእሳቸውና ከወንድም እህቶች ጋር በግልጽ ከተነጋገሩበት ልባቸው ያርፋል።

ከተቻለ ደግሞ ለሙከራ አንድ ሁለት ወር ይምጡ። ጥሩው ጊዜ አዝመራ ገብቶ ሥራ የሚቀንስበት ነው፤ ጥርን ይዘው ቢመጡ ጥምቀትን በጎንደር ያዩታል። መንገዱ ቀላል አለመሆኑን ግን አስቡበት። ከመካነ ብርሃን ተነስቶ የቧሂትን ከፍታ አልፎ፣ በጭነቅና በሳንቃበር በኩል ፓርኩን አቋርጦ ደባርቅ መድረስ ጉልበት ላመመው ሰው ፈተና ነው። ከደባርቅ ጎንደር ደግሞ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በዚያ ላይ በዚህ ዘመን መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለሙከራ የመጡ እንደሆነ እያመላለሳችሁ አታድክሟቸው፤ ቆይተው ይዩት።

2. ጎንደር ብቻ ናት ወይ?

አይደለችም። ደባርቅን አስቡ። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ሆስፒታል አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከፍታዋ 2,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ ለደጋ ሰው እንግዳ አይሆንም። ጎንደር ግን 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። ትልቁ ጥቅም ደግሞ ሌላ ነው፤ ከጃናሞራ የሚመጣ ዘመድ በደባርቅ ያልፋል። ለገበያ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሕክምና የመጣ ሁሉ «እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ» ብሎ ይገባል። ልጆቹ ሁላችሁም ጎንደር ከሆናችሁ ግን ደባርቅ ማስቀመጥ ሌላ ብቸኝነት ሊሆን ይችላል። ማን ነው በየቀኑ የሚያያቸው? መልሱ ያለበት ከተማ ትክክለኛው ከተማ ነው።

ከእኛው ተራሮች አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አወጣው። ለፓርኩ መልካም ዜና ነበር። ሰዎቹ ግን የሚያርሱትን መሬትና የሚያግዱትን ከብት ትተው ሁሉ ነገር በብር ወደሚገዛበት ከተማ ነው የገቡት። አንድ ሰው ቦታ ሲቀይር ቤት ብቻ አይደለም የሚቀየረው፤ ቀኑን የሚያውልበት ሥራም አብሮ ይቀራል። የግጭ ሰው ቢያንስ የመጣው ከመንደሩ ጋር ነው። የእኛ እናት ግን የምትመጣው ብቻዋን ነው።

3. የጎንደር ሰፈሮች ለሽማግሌ ሰው ሲታዩ

ሁሉም የራሱ መልካምና መጥፎ አለው። በአጭሩ፦

ፒያሳ፣ አራዳና ዙሪያቸው። የድሮ ሰፈሮች ናቸው። ገበያ ቅርብ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይተዋወቃል። ዕድሩም የቆየ ነው። ችግሩ አቀበት ቁልቁለቱ፣ ግርግሩና የቤቶቹ ማርጀት ነው። ከአንዳንዱ ቤት ለመውጣት የድንጋይ ደረጃ መውጣት ግድ ይላል።

አዲስ አለም። ከጥንት ጀምሮ የጎንደር ሙስሊሞች የኖሩበት ሰፈር ነው። ወላጃችሁ ሙስሊም ከሆኑ አዛን የሚሰማበት፣ ለሶላት በእግር የሚደረስበት፣ በበዓል ቀን ቤቱ በሰው የሚሞላበት ቦታ ይሻላል።

ማራኪ አካባቢ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስላለ ተማሪ የሚበዛበት ነው። ሱቅና ትራንስፖርት አይጠፋም። ተከራዩ ግን በየዓመቱ ይቀያየራል። እናታችሁ ከአንዷ ጋር ሲላመዱ እሷ ተመርቃ ትሄዳለች።

አዘዞ። ከመሀል ከተማው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ነው። ሜዳማ ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል፤ አየሩ ግን ይሞቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ወደ ደንቢያ ሜዳ በተጠጋን ቁጥር ወባ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ደጋ የኖረ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። አጎበር ይኑር፤ ትኩሳት ከተሰማቸው «ብርድ ነው» ብላችሁ ሳትቀመጡ አስመርምሩ።

ወለቃ። በደባርቅ መንገድ ከጎንደር ሲወጣ ቅርብ ነው። የገጠር ጠረን አልጠፋውም፤ ከአገር ቤት ለሚመጣ ዘመድም መንገዱ ላይ ነው። ከሆስፒታሉ ያለውን ርቀትና ማታ መኪና መገኘቱን ግን አጣሩ።

ኮንዶሚኒየም። ጎረቤት አለ፣ በር ለበር ነው። ሊፍት ግን የለም። ምድር ቤት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ግን ደረጃው እስር ቤት ያደርገዋል።

4. ሰፈሩን በእግራችሁ ፈትኑት

ደላላው በመኪና አያሳያችሁ። ሦስት ጊዜ ሂዱ፦ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ አመሻሽ። በተለይ እኩለ ቀን። ልጅ ሥራ ሲውል እናት የምትኖረው በእኩለ ቀኑ ሰፈር ውስጥ ነው።

ከቤቱ በር ተነስታችሁ በእሳቸው እርምጃ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ሂዱ። በእናንተ እርምጃ አይደለም፤ በሽማግሌ እርምጃ፣ በመቋሚያ። የት ያርፋሉ? ጥላ አለ? የሚቀመጡበት ድንጋይ አለ? በክረምት ያ መንገድ ጭቃ ነው ወይስ ኮብልስቶን? ድልድይ የሌለው ቦይ አለ? ጎንደር በአርባ አራቱ ታቦት የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። ጥያቄው ሳያለከልኩ የሚደረስበት አለ ወይ ነው። የአገር ቤታቸው ደብር የጊዮርጊስ ወይም የማርያም ከሆነ በዚያው ታቦት አጠገብ ቤት ቢገኝ ደግሞ ግማሽ አገራቸው ተከተላቸው ማለት ነው።

ከዚያ ዓይናችሁን ክፈቱ። ደጅ ላይ የተቀመጡ አሮጊትና ሽማግሌ አሉ? በሮች ተከፍተዋል ወይስ ሁሉም የብረት በር ተዘግቷል? ልጆች መንገድ ላይ ይጫወታሉ? ሽማግሌ ሰው የማይታይበት ሰፈር ለሽማግሌ ሰው አይሆንም።

ስለ ሰፈሩ ደላላውን ሳይሆን የጥጉን ባለሱቅ ጠይቁት። «እዚህ ሰፈር ዕድር አለ? ሰብሳቢው ማን ነው? ማታ ሰው ቢታመም ባጃጅ ይገኛል?» ባለሱቁ የሰፈሩን ሰው በስም እየጠራ ከመለሰላችሁ ሰፈሩ ሰው አለው። «እኔ እንጃ፣ እኔም አዲስ ነኝ» ካላችሁ አስቡበት።

5. ቤቱን ስታዩ

ደረጃና ደፍ፦ ትንሽ ደፍ ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለእሳቸው መውደቂያ ነው።

ሽንት ቤት፦ ስንት እርምጃ ይርቃል? ማታ መብራት አለው? ጉልበት ለሚያመው ሰው ቁጢጥ ማለት ሥቃይ ነው። መቀመጫ ያለው ካልተገኘ መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ወንበር አናጺ ይሠራላችኋል። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አስመቱ።

ውኃ፦ የጎንደርን የውኃ ነገር የማያውቅ የለም። የአንገረብ ግድብ ለከተማዋ አልበቃ ካለ ቆይቷል። በሰፈሩ ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ተከራዮቹን ጠይቁ። ሮቶ አለ? ከሌለ ጀሪካን የሚሸከመው ማን ነው? እሳቸው እንዳይሆኑ።

ፀሐይ፦ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበት ደጅ ይኑር። ከደጋ የመጣ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ጠዋት ፀሐይ ካልሞቀ ቀኑ አይጀመርለትም።

አከራይ፦ እንግዳ ሲመጣ የሚቆጣ አከራይ ያለበት ቤት አትግቡ። እናት ባለችበት ቤት እንግዳ ይመጣል። ከአገር ቤት ዘመድ ማርና ድንች ይዞ ይመጣል፣ ያድራል። ይህን ከመክፈላችሁ በፊት ንገሩት።

6. ወረቀቱን አትርሱ

መሸኛ። ከቀበሌያቸው መሸኛ ሳይዙ ከመጡ ጎንደር ላይ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ትመላለሳላችሁ። ፋይዳ ካላቸው ቁጥሩ በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሆነ አይቀየርም፤ ግን የተመዘገበበት ስልክ በእጃቸው መኖሩን አረጋግጡ። ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በዚያ ስልክ ነው።

ጤና መድህን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በ4 ክልሎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ብዙ የገጠር ቤተሰብ አባል ነው። ምዝገባው ግን በወረዳ ነው። የጃናሞራውን ካርድ ይዘው ጎንደር ሲታመሙ ግራ ከምትጋቡ፣ ሲመጡ ወዲያው አዲሱ ቀበሌ ሄዳችሁ እንዴት እንደሚዛወር ጨርሱ። አሠራሩ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈር ነው። ስለዚህ ሰፈር ስትመርጡ ከሆስፒታሉ ይልቅ ጤና ጣቢያው ቅርብ መሆኑን እዩ። ለግፊትና ለስኳር ክትትል በየወሩ የሚሄዱት እዚያ ነው።

መሬት። ይዞታቸው በስማቸው ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ፣ ከመምጣታቸው በፊት የወረዳውን መሬት አስተዳደር አማክሩ። የእኩልም ይሁን ኪራይ በቃል አይሁን፤ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ። «ዘመድ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የተባለበት መሬት ስንት ቤተሰብ እንዳጣላ ታውቁታላችሁ።

ዕድር። የአገር ቤቱን ዕድር አታስወጧቸው። ወርኃዊውን እናንተ እየላካችሁ ይቀጥል። የጎንደሩ ዕድር ደግሞ መግቢያ አለው፤ አንዳንዱም አዲስ አባል መብት እስኪያገኝ ጥቂት ወራት ያስጠብቃል። ስለዚህ በገቡበት ወር አስመዝግቧቸው። ዕድር ለሞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዕድር አባል የሆነ ሰው በሰፈሩ የታወቀ ሰው ነው።

7. የመጀመሪያው ወር

ቤት ሲገቡ እናንተ ራሳችሁ ዳቦ ቆርሳችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ ጎረቤቱን ጥሩ። «እናታችን ናቸው፣ ከመካነ ብርሃን መጥተው ነው» በሉ። ንስሐ አባት ከሌላቸው ከደብሩ አገናኟቸው። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ካለ ጠይቁላቸው።

ሥራ አትከልክሏቸው። «እማዬ አንቺ ተቀመጪ» እያልን ነው የምንገድላቸው። ጥጥ ይፍተሉ፣ ሽሮ ይልቀሙ፣ ካለ ቦታ ጎመን ይትከሉ። እቃቸውንም አትጣሉ። ያ ያረጀ ጀበናና ያ በርኖስ ለእናንተ አሮጌ ነው፤ ለእሳቸው ቤታቸው ነው።

ስልካቸው ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ይሁን። 1 ሲጫኑ ታላቅየው፣ 2 ሲጫኑ ጎረቤቷ እንድትደወል አድርጉት። የጎረቤቷ ስልክ ደግሞ በእናንተም ስልክ ውስጥ ይኑር።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዛሬ እኛ ሳንሆን ማን ስማቸውን ጠራ? መልስ ካጣችሁ ቤቱ ምንም ያምር፣ ሰፈሩን ቀይሩ። ጓደኛችን አራት ወር ፈጀበት፤ እናንተ ቶሎ ንቁ።

ይህን ከመጻፋችን በፊት የጓደኛችንን እናት ፈቃድ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ቤት የሉም። የግቢው ልጅ «እማማ ለቅሶ ለመድረስ ሄደዋል፣ ከእነ እማዬ ጋር» አለን። ጉልበታቸው አሁንም ያማቸዋል። ተመልሰው ሲመጡ ፈቀዱልን፤ «ጻፉ፣ ግን ቡናውን ጠጥታችሁ ሂዱ» አሉን።

እናንተስ? ወላጆቻችሁን ወደ ከተማ ያመጣችሁ ምን ገጠማችሁ? የትኛው ሰፈር ተቀበላቸው? ጻፉልን፣ ለሌላው ይጠቅማል። ቤት እየፈለገ ላለ ጓደኛችሁም አጋሩት።